ባኩ ሎተሪ አይደለም፤ የጉና መንገድም ዕጣ ፈንታ አይደለም

ደመራ በሚለኮስበት ቅዳሜ፣ መስከረም 16 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ የፎርሙላ ዋን መኪኖች ባኩ ከተማ መሀል ይሽቀዳደማሉ። ወትሮ ውድድሩ እሑድ ነው። በአንድ ቀን የቀደመው አዘርባጃን በማግስቱ በጦርነት የሞቱባትን ስለምታስብ ነው።

ወሬው ከአሁኑ ተጀምሯል። «ባኩ ሎተሪ ነው።» «እዚያ ማን እንደሚያሸንፍ አንድዬ ነው የሚያውቀው።» «በዚያ ጠባብ መንገድ ምኑ ይታወቃል?» ኳስ ቤት የሚሰበሰበው ወጣትም፣ ስፖርት ተንታኝ ነኝ ባዩም አንድ ዓይነት ነገር ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የምጽፈውም ለመኪና ውድድር ፍቅር ብቻ ብዬ አይደለም። ይህ ቻናል ከመቼ ወዲህ ነው የስፖርት የሆነው የምትሉ ጥቂት ታገሡኝ። «አይታወቅም፣ ዕድል ነው» የሚለው አፍ በየሳምንቱ ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ ሰው የሚቀበርበትንም ነገር በዚያው ቃል ነው የሚሸኘው። እዚያ እንደርሳለን። መጀመሪያ ግን ባኩን በደንብ እንየው፤ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የባኩ መንገድ አንድ ዙሩ 6.003 ኪሎ ሜትር ነው፤ 51 ጊዜ ይዞሩታል። ሃያ ኩርባ አለው። ስሙ የገነነው በአሮጌው ከተማ ግንብ ሥር ሽቅብ የሚጠመዘዘው ቦታ ነው፤ እዚያ የመንገዱ ስፋት 7.6 ሜትር ብቻ ነው። በአዲሱ ደንብ የአንድ መኪና ስፋት 1.9 ሜትር ስለሆነ አራቱን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ልክክ ይላሉ። ከዚህ ጉሮሮ ወጥቶ ትንሽ እንደሄዱ ደግሞ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሰፊ ቀጥታ መንገድ ይመጣል፤ ባለፉት ዓመታት በሰዓት ከ340 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተውበታል። ጠባቡና ሰፊው በአንድ ዙር ውስጥ ተጋብተዋል።

ታሪኩ በእርግጥ ጉድ ነው። 2017 ላይ ሉዊስ ሃሚልተን እየመራ ሳለ የራስ መደገፊያው ተነቃነቀበትና ሊያስተካክል ገብቶ ድሉን አጣ፤ ከ10ኛ ቦታ የተነሳው ዳንኤል ሪካርዶ አሸነፈ። በዓመቱ የአንድ ቡድን ልጆች የሆኑት ሪካርዶና ማክስ ቨርስታፐን እርስ በርስ ተላተሙ፤ ሮማን ግሮዣን ከደህንነት መኪናው ኋላ በዝግታ እየሄደ ከግንብ ጋር ተጋጨ፤ ሲመራ የነበረው ቫልተሪ ቦታስ ደግሞ ሦስት ዙር ሲቀረው ስብርባሪ ረግጦ ጎማው ፈነዳ። 2021 ከሁሉ ይብሳል። ቨርስታፐን ብቻውን እየሄደ፣ ሊጨርስ አምስት ዙር ገደማ ሲቀረው፣ በዚያ ቀጥታ መንገድ ላይ የኋላ ጎማው ፈንድቶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ውድድሩ ቆመ። ለሁለት ዙር እንደገና ሲጀመር ሃሚልተን ሊቀድም ነው ብለን ስናይ፣ መሪው ላይ ያለ የፍሬን ሚዛን የሚቀይር ቁልፍ ሳያውቀው ነክቶ ኩርባውን ስቶ ቀጥ ብሎ ሄደ። 15ኛ ወጣ። ሰርጂዮ ፔሬዝ አሸነፈ።

ሻርል ለክሌርን አስቡት። ከ2021 እስከ 2024 አራት ዓመት በተከታታይ ባኩ ላይ ከሁሉ ፊት ተሰልፎ ተነሳ። አንዱንም አላሸነፈም።

«ታዲያ ይኼ ሎተሪ ካልሆነ ምንድን ነው?» የሚለኝ ሰው እዚህ ላይ ጭብጨባ ይጠብቃል። አይደለም። እያንዳንዱን ፈትታችሁ እዩት። የቨርስታፐን ጎማ ሲፈነዳ «የዕለት ጉዳይ ነው» ብሎ ያለፈ የለም። የጎማው አምራች ፒሬሊ መረመረ፤ ጎማው ሲሠራ ችግር እንዳልነበረበትና ነገሩ ከአነዳድ ሁኔታው ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቀ፤ ወዲያው የጎማ ንፋስ መጠን ቁጥጥሩ ጠበቀ። የሃሚልተን ስህተት ስም አለው፤ ቁልፍ ነው። በ2022 ለክሌር እየመራ ሞተሩ ጨሰ፣ የቡድን ጓደኛው ሳይንዝም በዚያው ቀን በብልሽት ወጣ። ሰው ሁሉ «የፌራሪ እርግማን» አለ። እርግማን አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት ስፔን ላይም ለክሌር እየመራ ሳለ መኪናው ጥሎት ነበር። ማስጠንቀቂያው በሩ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ለተመልካች ያልታሰበ ነገር አለ። ምክንያት የሌለው ነገር ግን የለም። እነዚህን ሁለቱን ማምታታት ነው የሚያናድደኝ።

ሁለተኛው ስህተት «ጠባብ ስለሆነ ነው» የሚለው ነው። ጠባብነት ብቻውን ያልታሰበ ነገር የሚያመጣ ቢሆን ሞናኮ የመጀመሪያዋ በሆነች። ሞናኮ ከባኩ ይልቅ የምታፍን ናት፤ 3.337 ኪሎ ሜትሯን 78 ጊዜ ይዞሯታል። በ2024 ከአንደኛ እስከ አሥረኛ የተሰለፉት አሥሩም በተሰለፉበት ቅደም ተከተል ጨረሱ፤ በፎርሙላ ዋን ታሪክ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ቅዳሜ የተሰለፉትን ፎቶ አንስቶ እሑድ ማታ ቢለጥፈው ማንም ልዩነቱን አያውቅም ነበር። አዎ፣ በ1996 እዚያው ሞናኮ ዝናብ ዘንቦ ሦስት መኪና ብቻ መስመሩን ሲያቋርጥ ኦሊቪዬ ፓኒስ አሸንፏል። ያን ያደረገው ግን ዝናቡ ነው፤ ስፋቱማ በሌላውም ዓመት ያው ነው።

ባኩም ላይ እንዲሁ ነው፤ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ያ 7.6 ሜትር የሆነው አስፈሪ ቦታ በውድድር ቀን ብዙ ሰው አይበላም። በ2019 ለክሌር በማጣሪያው እዚያ ተላትሟል፤ እውነት ነው። ግን የቦታስ ጎማ የፈነዳው በሰፊው ቀጥታ ላይ ነው። የቨርስታፐንም እዚያው። ሃሚልተን የሳተው ቀጥታው ሲያልቅ ነው። ሪካርዶና ቨርስታፐን የተላተሙትም እዚያው መጨረሻ ላይ ነው። በ2024 ፔሬዝና ሳይንዝ ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የተጋጩት ጎን ለጎን ሊያስኬድ በሚችል ቦታ ነው። ሰው ጠባብ መሆኑን በሚያውቅበት ቦታ ይጠነቀቃል። የሚጠፋው «አሁንማ ሰፋልኝ» ባለበት ነው።

ስለዚህ ለዚህኛው ቅዳሜ የምጠብቀውን ልናገር። አሸናፊ አልጠራም፤ ግን ዓይኔን የት እንደማደርግ አውቃለሁ። አንደኛ፣ ዓርብ ማጣሪያው ላይ። ባለፈው ዓመት ማጣሪያው ስድስት ጊዜ በቀይ ባንዲራ ቆሟል፤ ክብረ ወሰን ነው። ሲመራ የነበረው ኦስካር ፒያስትሪ በማጣሪያው ተላተመ፣ በማግስቱ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ዙር ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ወጣ። ሁለተኛ፣ ባትሪው ላይ። አዲሶቹ መኪኖች ቀለል፣ ጠበብ ብለዋል፤ ጉልበታቸውን ግማሽ ገደማ የሚያገኙት ከኤሌክትሪክ ነው። በዚያ ረጅም ቀጥታ ላይ ክምችቱን ቀድሞ የጨረሰ ሰው መጨረሻው ላይ የቆመ ያህል ሆኖ ይታያል። ሦስተኛ፣ የደህንነት መኪናው ሲወጣ ማን ተረጋግቶ እንደሚጠብቅ። ፔሬዝ እዚህ ሁለት ጊዜ ያሸነፈው በዚህ ነው፤ አሁን በአዲሱ ካዲላክ ምን እንደሚያደርግ ማየት ያጓጓኛል። ጥር መርቆሬዎስ በደብረ ታቦር የፈረስ ጉግስ እያየ ያደገ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር አይስበውም ብሎ የሚከራከረኝ አይኖርም።

አሁን ወደ ቤታችን።

ከደብረ ታቦር ወጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ስትነዱ ጉና በስተቀኝ ደመና ለብሶ ይቆማል። ገሳይን፣ ክምር ድንጋይን አልፋችሁ ነፋስ መውጫ ትገባላችሁ። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ስለሆነ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ነው የሚባለው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ፊት ለፊት የሚመጣ አይሱዙ መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። ጥጉን ድንች የጫነ አህያ፣ ገበያ የዋለ ሰው፣ ደብተር የያዘ ተማሪ ይሄድበታል። እዚህ መንገድ ላይ በየቀኑ ውድድር አለ። ተሳፋሪው ቲኬት ቆርጦ ውስጡ ይቀመጣል፤ ተወዳዳሪ መሆኑን ግን የነገረው የለም።

ውድድሩ የሚጀመረው መናኸሪያ ነው። ባለንብረቱ በቀን ይህን ያህል አምጣ ብሎ ቆርጦ ለሾፌሩ ይሰጠዋል። ከዚያ የተረፈው የሾፌሩና የረዳቱ ነው። ትርፉ ያለው መናኸሪያ ከሞላው ወንበር ሳይሆን መንገድ ላይ ከሚለቀመው ሰው ነው። ከፊት ያለው ሚኒባስ ገሳይ ላይ የቆመውን ሰው ከለቀመው ለኋለኛው አይተርፈውም። ስለዚህ የኋለኛው ይቀድማል። የቀደመውም ተመልሶ ይቀድማል። ኩርባ ላይም ቢሆን። ጉም ውስጥም ቢሆን። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት ደግሞ የባሰ ነው፤ ሁሉም የከረመበትን በአንድ ቀን ሊያካክስ ይሮጣል።

አንድ ጊዜ በዚህ ዓይነቱ ሚኒባስ ጉና ሥር እየሄድን፣ ፊታችን ነጭ ጨርቅ የተጋረደ እስኪመስል ጉም ወርዶ፣ ሾፌሩ ሌላውን ሊቀድም ወጣ። ሁላችንም ዝም አልን። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ብቻ «አንተ ልጅ፣ ምነው? የሚጠብቀን ሠርግ የለ» አሉት። ረዳቱ «አይዞዎት እማማ፣ መንገዱን በጨርቅ ሸፍነው ቢሰጡት ያውቀዋል» አላቸው። ሰው ሳቀ። ደህና ገባን። ደህና በመግባታችንም ያን ቀን የሆነውን አንድም ሰው አልመዘገበውም፤ ሾፌሩም ጎበዝ ተባለ።

ደህና ሳይገባ ሲቀርስ? በማግስቱ ዜናው «በደረሰ ድንገተኛ የትራፊክ አደጋ» ብሎ ይጀምራል። የሟች ቁጥር ይነገራል። ወይ «ፍሬን እምቢ ብሎት» ይባላል፣ ወይ «ከመጠን በላይ ፍጥነት»፣ በዚያው ያልቃል። ለቅሶ ላይ ደግሞ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንባባላለን። ለሐዘንተኛ ማጽናኛ ከሆነ ግድ የለኝም፤ ለሐዘንተኛ የሚባለው ሌላ ነው። መናኸሪያ ኃላፊው፣ መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ፣ ባለንብረቱ በዚያው ቃል ሲሸፈን ነው ደሜ የሚፈላው። ፍሬን በአንድ ጠዋት እምቢ አይልም። ሳምንት ሙሉ ሲያንቋርር ከርሞ ነው። ጎማም እንደዚያው፤ ፈትሉ የወጣ ጎማ ከመፈንዳቱ በፊት ስንት ሰው አይቶታል? ፌራሪ ስፔን ላይ እንደተነገረው ሁሉ የእኛም መኪና ይናገራል። የሚሰማ ነው የጠፋው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት አስቀምጧል። በ340 ኪሎ ሜትር የሚነዱት እነዚያ ሰዎችስ? ኢሞላ ላይ ራትዘንበርገርና ሴና በሁለት ቀን ውስጥ ከሞቱበት ከ1994 ወዲህ በፎርሙላ ዋን ውድድር በደረሰበት ጉዳት የሞተው ተወዳዳሪ ዡል ቢያንኪ ብቻ ነው። ባሕሬን ላይ በ2020 ግሮዣን መኪናው ለሁለት ተከፍሎ በእሳት ተያይዞ ወደ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ በእግሩ ወጣ። የወጣው ዕድለኛ ስለሆነ ነው? ከራሱ በላይ የብረት ቀስት ስለነበረ፣ ሐኪም የያዘ መኪናም በመጀመሪያው ዙር ከኋላቸው ስለሚከተል ነው። በመጀመሪያው ዙር አደጋ እንደሚበዛ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ሐኪሙን አስቀድመው ከኋላ ይልኩታል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን በ2023 ባኩ ላይ የሆነው ነው። ውድድሩ ገና ሳያልቅ ፎቶ አንሺና ሠራተኛ መኪና የሚገባበት መስመር ላይ ወጥቶ ቆመ። ኤስቴባን ኦኮን በመጨረሻው ዙር ሲገባ ሰውን ለጥቂት ሳተ። ማንም አልተጎዳም። ማንም ሳይጎዳ ዳኞቹ የራሳቸውን የዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን ኃላፊዎች ጠርተው «እንዴት እንዲህ ሆነ?» ብለው ጠየቁ። የእኛን መናኸሪያ ኃላፊ ሰው ሞቶ እንኳ የጠራው ማን ነው?

የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «እነሱ ሀብታም ናቸው። እኛ ድሃ ነን። ግድግዳ በየት እንሥራ?» ግድግዳ አልጠየቅሁም። ከባኩ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ከወረቀትና ከእስክሪብቶ በላይ አያስወጣም። የደህንነት መኪናው ሊወጣ ሲታወጅ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ መሪው ላይ የሚወርድ ሰዓት ያያል። መንገዱን በየክፍሉ ከዚያ ሰዓት ቀድሞ ከጨረሰ ይቀጣል። አንብቡልኝ፤ የዓለም ፈጣን ሾፌሮች ቀድሞ በመድረስ ይቀጣሉ።

እኛ ዘንድ መኪና ከመናኸሪያ ሲወጣ መውጫ ወረቀት ይይዛል። በዚያ ወረቀት ላይ የወጣበት ሰዓት ይጻፍ። የሚቀበለው መናኸሪያ የገባበትን ይጻፍ። በሕጋዊ ፍጥነት ከሚፈጀው ጊዜ ቀድሞ የገባ ሾፌር ተራውን ይጣ፤ ባለንብረቱም ይቀጣ። ሁለት መኪና በአንድ አቅጣጫ ተከታትሎ እንዳይወጣ መሀሉ በሰዓት ይለይ። ይህ ቢሆን ኩርባ ላይ መቅደም ትርፍ የለውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያልን ልጆቻችንን እናሳድጋለን፤ መናኸሪያችን ግን ለሮጠ ነው የሚከፍለው።

«ትራፊኩ ጉቦ ይበላል፣ ወረቀቱ ላይ የውሸት ሰዓት ይጻፋል» ትሉኛላችሁ። ይጻፋል፤ አንዳንዱ ይጻፋል። ግን የውሸት ሰዓት ስሙና ፊርማው ካለበት ከአደጋው በኋላ የሚጠየቅ ሰው አለ። አሁን የሚጠየቅ የለም፤ ከሞተው ሾፌር በስተቀር። ሾፌሩን ብቻ መራገምም አልወድም። ሃሚልተን ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ የተሳሳተ ቁልፍ ነክቷል። ሰው ይሳሳታል። በቀን ስንት ሰዓት እንደነዳ የማይቆጠርለት፣ የቀን ገቢ አንገቱ ላይ የታሰረበት ወጣት አይሳሳትም ብሎ መንገዱን መስጠት ከስህተቱ የባሰ ነው።

ይህ ሐሳብ ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መጀመሪያ መንገዱን አስጠርበው፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሱ፣ ገደሉን በልኩ አስተካክለው ነው። ወራት ፈጀ። ያን ሁሉ ሸክም ይዘው በዚያ ገደል ሲወርዱ «እንደ ዕድላችን» አላሉም። ዛሬ በዚያው አቅጣጫ፣ በአስፋልት፣ አሥራ ምናምን ሰው ጭነን እንደ ዕድላችን እንላለን።

ደመራ ሲደርስ መናኸሪያው ይሞላል። ለመስቀል ወደ ቤተሰቡ የሚሄደው ሁሉ ዓርብና ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚወጣው፤ ትርፍ ሰውም የሚጫነው፣ ሾፌሩም ሁለትና ሦስት ጊዜ ለመመላለስ የሚጣደፈው በእነዚሁ ቀናት ነው። ከደብረ ታቦር፣ ከገሳይ፣ ከክምር ድንጋይ፣ ከነፋስ መውጫ ያላችሁ ተከታታዮቼ፦ በዚህ ዓርብ ስትሳፈሩ መውጫ ወረቀቱ ላይ ሰዓት ተጽፎ እንደሆነ ረዳቱን ጠይቁልኝ። የሚጽፍ መናኸሪያ ካለ ላኩልኝ፤ ስሙን ጠርቼ አመሰግነዋለሁ። የማይጽፈውንም ላኩልኝ። ቅዳሜ ባኩን እያየሁ፣ የደህንነት መኪናው ወጥቶ ሁሉም በዝግታ ሲሰለፍ፣ መልሳችሁን አነባለሁ።